በደብረ ማርቆስ ለክረምት ጥናት የሚሆን ጊዜያዊ መኖሪያ ስለ ማግኘት

የአፈር ተመራማሪ (አዲስ አበባ)

የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ ጨሞጋ ወንዝ ከጮቄ ተራራ ጠርጎ በሚያወርደው ደለል ላይ ስለሆነ፣ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም ማብቂያ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ናሙና መሰብሰብ ይኖርብኛል። ዩኒቨርሲቲው በእንግዳ ተመራማሪነት ተቀብሎ ቤተ ሙከራውን እንድጠቀም ፈቅዶልኛል፤ መኖሪያ ግን በራሴ እንድፈልግ ተነግሮኛል። በከተማዋ ዘመድም ሆነ የቀድሞ ባልደረባ የለኝም።

አንድ ደላላ በስልክ አግኝቼ የአንዲት ክፍል ቤት ፎቶግራፎች ልኮልኛል። ክፍሏ ንጹሕ ትመስላለች፤ የራሷ መጸዳጃና መታጠቢያም አላት ተብያለሁ። ይሁን እንጂ ቤቱ እንዳያመልጠኝ የሦስት ወር ኪራይ አስቀድሜ ባንክ እንዳስገባ በየቀኑ ይወተውተኛል፤ እኔም ለመላክ አመንትቻለሁ። ብቻዬን የምኖር ሴት እንደ መሆኔ የግቢው ጸጥታ ያሳስበኛል፤ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ወንዙ በሞላ ቁጥር ገና ጎሕ ሳይቀድ መውጣት ሊያስፈልገኝ ስለሚችል የግቢው በር የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓትም ቀላል ጉዳይ አይሆንልኝም። ለመሆኑ ለአራት ወር ብቻ ቤት የሚያከራይ ሰው ይገኛል? ከተማዋን የምታውቁ ብትመክሩኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

መምህር (ደብረ ማርቆስ)

እንኳን ወደ ጎጃም በደኅና መጡ ለማለት ያብቃን። ከሁሉ አስቀድሞ፣ እርስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው በአካል ገብቶ ላላየው ቤት ገንዘብ አይላኩ። ደላላው ሐቀኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ስለ ውሃው፣ ስለ ጎረቤቱና ስለ በሩ መቀርቀሪያ የሚናገረው ነገር የለም፤ የተላከ ቀብድ ደግሞ በስልክ ንግግር አይመለስም።

በክረምት ቤት አይገኝም የሚለው የደላሎች አነጋገር በከፊል እውነት ነው። መደበኛ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሄዱ በክረምት መርሐ ግብር የሚማሩ መምህራን ከየወረዳው ይመጣሉ፤ ብዙዎቹም ሁለትና ሦስት ሆነው በከተማው ክፍል ይከራያሉ። ሐምሌ ከገባ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ቀረብ ያሉ ነጠላ ክፍሎች የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ልማድ ግን አከራዮችን ለጥቂት ወራት ማከራየትን አስለምዷቸዋል፤ ስለዚህ የአራት ወር ተከራይ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም። የክረምት ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት መድረስዎ በራሱ ትልቅ ጥቅም አለው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በዚህ ከተማ ደኅና ቤት የሚገኘው በሰው በሰው ነው። አከራዩ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት እንግዳዋ ከየት እንደ መጣች፣ ማን እንደሚያውቃት፣ አንድ ነገር ቢሆን ማን እንደሚጠራላት ማወቅ ይፈልጋል። ለዚህ መልስ መስጠት የሚገባው ደግሞ የተቀበለዎት ትምህርት ክፍል ነው። ቤተ ሙከራውን ከፍቶ መኖሪያውን በራስሽ ተወጪው ማለት የእንግዳ አቀባበል አይመስለኝም፤ አንድ ባልደረባ መድቦ ሁለት ሦስት ግቢ አብሮ ማየት የማንንም በጀት አይጠይቅም። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይጻፉና ለአከራዩም ለቀበሌውም የሚቀርብ የትብብር ደብዳቤ እንዲሰጥዎ፣ እንዲሁም ከሴት መምህራን አንዷ ግቢዎቹን አስቀድማ እንድታይልዎ ይጠይቁ። ሴት ያየችው ግቢ ይለያል፤ መጸዳጃው ከክፍሉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ማታ መብራት እንዳለው፣ በግቢው ውስጥ እነማን እንደሚኖሩ እኛ ወንዶች ሳናስተውል የምናልፈው ብዙ ነው።

ስለ ሌሊቱ ጎርፍ ግን ሐሳብዎን እንዲለውጡ እመክራለሁ። በተፋሰስ ጥናት የተለመደው አሠራር፣ መለኪያው ከተተከለበት አጠገብ ከሚኖሩት መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው አሠልጥኖ የውሃውን ከፍታ እንዲመዘግብና በጠርሙስ ናሙና እንዲቀዳ፣ ለድካሙም እንዲከፈለው ማድረግ ነው። በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ የሰዓት ገደብ በሚጣልበት ወቅት አንዲት ተመራማሪ በጨለማ ወደ ወንዝ እንድትወርድ ማንም ሊፈቅድላት አይገባም። ይህ ከተስተካከለ ደግሞ ለወንዙ ቅርብ የሆነ ቤት መፈለግዎ ቀርቶ፣ ለቤተ ሙከራውና ለአስፋልቱ የቀረበ ቤት መምረጥ ይችላሉ።

የሕግ ባለሙያ (ባሕር ዳር)

ስለ ቅድሚያ ክፍያው ልጨምር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም ያዛል። በክልሎች አዋጁ ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት የከተማ አስተዳደሩን የቤቶች ጉዳይ የሚመለከተውን ክፍል ይጠይቁ። ጥያቄው ለእርስዎ በተለይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አዋጁ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ እንዳይደረግ ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በየጊዜው ውጡ እየተባሉ የሚጉላሉትን ቤተሰቦች ለመጠበቅ የገባና በዓላማውም እጅግ የምደግፈው ነው፤ የአራት ወር እንግዳ ግን ጉዳይዋን አስቀድማ አስረድታ በጽሑፍ መልስ ብትይዝ ይሻላታል።

ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። መግቢያውና መውጫው ቀን፣ የኪራዩ መጠን፣ የመብራትና የውሃው ድርሻ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ዝርዝር፣ የቅድሚያ ክፍያው ለየትኞቹ ወራት እንደሚታሰብ፣ ጥናቱ አስቀድሞ ቢቋረጥ ቀሪው ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ ይጻፍበት። በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም፤ ከምስክሮቹ አንዱ ከዩኒቨርሲቲው ቢሆን መልካም ነው። የመጨረሻውን ነጥብ ችላ እንዳይሉ አደራ እላለሁ፤ መንገድ ሊዘጋ፣ የመስክ ሥራም ሊታጠፍ በሚችልበት ጊዜ ላይ ነን።

የግቢ ባለቤት (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ እኔ በዚሁ በማርቆስ ለመምህራንና ለሐኪሞች ክፍል ሳከራይ የኖርሁ እናት ነኝ፤ ይህንንም የምለውን እየሰማ የሚጽፍልኝ የመጨረሻው ልጄ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው ሰው ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ እየሠራ ያከራያል፤ እኔም ጡረታዬ ስለማይበቃኝ እንደዚያው አደረግሁ። እዚህ ላይ ስለ አከራይ ብዙ ተባለ፤ እኛም የምንፈራው ነገር ስላለ እሱን መስማት ይጠቅምሻል።

የማናውቀው ሰው ገብቶ ነገ ሌላ የማናውቀውን ሰው ቢያመጣ፣ ፖሊስ ሲጠይቅ የምንመልሰው እኛ ነን። የተከራዩን ማንነት ለቀበሌ አስመዝግቡ እንባላለን፤ ስለዚህ መታወቂያሽን ወይም ፋይዳሽን ቅጂ ስንጠይቅሽ እንደ ጥርጣሬ አትቁጠሪው። ከዚያ ቀጥሎ የሚያስጨንቀን መብራት ነው። ቆጣሪው አንድ ሆኖ ተከራዩ ሁለትና ሦስት በሆነበት ግቢ አንዱ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጥድ፣ ሌላው በምድጃ ውሃ ሲያፈላ፣ ወር ሲሞላ ሁሉም እኔ አልተጠቀምሁም ይላል። ለብቻ ቆጣሪ ያለው ክፍል ካገኘሽ ትንሽ ወደድ ቢልም ያዥው፤ ካላገኘሽ ድርሻሽን ከመግባትሽ በፊት ተስማሚ። እንጀራውን ግን ራስሽ ልጋግር አትበይ፤ ከባለቤቷ ወይም ከጎረቤት መግዛት ትችያለሽ።

ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። ግቢው ሮቶ እንዳለው ጠይቂ፤ ሮቶውም ለአንቺ ክፍል ቧንቧ የሚደርስ መሆኑን ቧንቧውን ከፍተሽ እይ፤ በቃል አትቀበዪ። የውስጥ መታጠቢያ አለው የተባለ ክፍል ውሃ ካልወጣለት ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ሁለት ትልልቅ ጄሪካን መግዛትሽ አይቀርም።

በራችን ማታ በጊዜ ይቆለፋል፤ ይህ ለአንቺም ጥሩ ነው። ማለዳ የምትወጪ ከሆነ ዋዜማውን ንገሪ፤ እኔ ለኪዳን ስነሣ በር የምከፍት ሰው ስለሆንሁ አያስቸግረኝም፤ ሌላውም ግቢ ቢሆን ለቤተ ክርስቲያን የሚነሣ ሰው አያጣም። የዘመድ ወንድ ሊጠይቅሽ ቢመጣ አስቀድመሽ አሳውቂ። በመጨረሻ፣ አፈር በከረጢት አምጥተሽ ክፍል ውስጥ እንዳታሰጪ። ለአንድ ተመራማሪ አከራይቼ ወለሉ ላይ አይጥና እርጥበት ነው ያተረፈልኝ።

ወጣት መምህርት (ደብረ ማርቆስ)

የእናታችንን ምክር አክብሬ እቀበላለሁ። እኔ የማነሣው ስለ ዋጋ ነው። በፕሮጀክት ገንዘብ የሚመጡ እንግዶች በአበላቸው መጠን የተጠየቁትን ሁሉ ከፍለው ይገባሉ፤ ለአራት ወር ስለሆነም አይከብዳቸውም። እነርሱ ሲሄዱ ግን ዋጋው ከፍ ብሎ ይቀራል፤ በዚያ ዋጋ ዓመቱን ሙሉ መኖር ያለብን በደመወዝ የምንተዳደር ጀማሪ መምህራን፣ የሆስፒታሉ ነርሶችና የጤና ተማሪዎች ነን። የምኖርበት ግቢ አከራይ በክረምት ከእንግዳ ያገኙትን ዋጋ በመስከረም ከእኔ ሲጠይቁኝ፣ ተከራክሬ ጥቂት ቢቀነስልኝም ጓደኛዬ አልቻለችምና ከከተማው ዳር ወጥታ በየቀኑ የባጃጅ ሒሳብ እየከፈለች ትመላለሳለች።

ስለዚህ ጠያቂያችንን በእህትነት የምለምናት ነገር አለ። ዋጋ ከመስማማትሽ በፊት በዚያው ሰፈር የሚኖር መምህር ወይም ነርስ ለተመሳሳይ ክፍል ስንት እንደሚከፍል ጠይቂ፤ በጊዜው ማጠር ምክንያት ትንሽ ጭማሪ መክፈል ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ግን የሚጎዳው ከአንቺ በኋላ የሚመጣውን ሰው ነው። ደላላ የሚያከራይሽ ከሆነ ኮሚሽኑ ከኪራዩ መጠን ጋር ስለሚያድግ ዋጋውን እንዲያስቀንስልሽ አትጠብቂ።

ሌላ መንገድም ላመልክት። በየዓመቱ ከእኛ መካከል ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ አሉ፤ አልጋቸውን፣ ጠረጴዛቸውንና ምድጃቸውን የት እንደሚያኖሩ ይቸገራሉ። የቤቱ ባለቤት በጽሑፍ ከፈቀደ የእንደዚህ ዓይነት መምህር ቤት ለአራት ወር ከነዕቃው ብትረከቢ፣ ለአንቺ አልጋና ፍራሽ ከመግዛት ያድንሻል፤ እርሱም ቤቱን ሳይለቅ ይቆያል፤ የኪራዩ ዋጋም ባለበት ይጸናል። እኔ ለእንግዳ ተመራማሪ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በትምህርት ክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ላይ አንድ ሰው ቢጠይቅልሽ መልሱ በቶሎ ይታወቃል።

የቀድሞ እንግዳ ተመራማሪ (ሐዋሳ)

እኔም ከዚህ ቀደም አንድ ክረምት በደብረ ማርቆስ አሳልፌአለሁ። ከሐዋሳ ለመጣ ሰው ሁለት ነገሮች ያልጠበቃቸው ይሆናሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ሐምሌና ነሐሴ ብርዳቸው አጥንት ይገባል፤ ከዓመቱ ዝናብም አብዛኛው የሚወርደው እርስዎ በሚቆዩባቸው ወራት ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲጥል ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው አይሰማም፤ በስልክ መነጋገርም ሆነ ማጥናት አይታሰብም። ስለዚህ ክፍሉን የሚያይልዎት ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ይመልከት፤ በኮርኒሱ ላይ ቡናማ የእርጥበት ቀለበት ካለ ጣሪያው ያፈስሳል ማለት ነው። ከበጋ ቀለም በኋላ ይህ ምልክት ሊሸፈን ስለሚችል የማእዘኖቹን ሽታም ያስተውል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፔንሲዮን መያዝ ጥሩ ነው። ቀን ቀን ቤት እያዩ ማታ የሚያድሩበት ስላለዎት አይጣደፉም፤ የተጣደፈ ሰው ደግሞ ያገኘውን ይይዛል። አራቱንም ወር በፔንሲዮን መቆየት ግን አልመክርም፤ ወጥ የሚሠሩበት ስፍራ የለም፤ ቅዳሜና እሁድ ሠርግና እንግዳ ሲበዛ ድምፁ ለጽሑፍ ሥራ አይመችም። ናሙናዎን በተመለከተ እናታችን ትክክል ናቸው። አፈሩ በጥላ ሥር አየር ላይ ደርቆ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚነፋበት፣ ለይዘት ክብደት (በተወሰነ ይዘት ውስጥ ላለው ደረቅ አፈር ክብደት) የሚለካው ደግሞ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርቅበት ቦታ ቤተ ሙከራ እንጂ መኝታ ቤት አይደለም። የማድረቂያ ክፍሉን ቁልፍ ከቤቱ ቁልፍ እኩል አስቀድመው ይጠይቁ፤ በክረምት ያ ክፍል ይጣበባል።

የኢንተርኔት ጉዳይም አለ። በክልሉ ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መረጃዎን በየቀኑ በሁለት ፍላሽ ይያዙ፤ የመስመር ኢንተርኔት ያለው ግቢ ካገኙም ከሌላው አስበልጠው ይዩት።

የአፈር ተመራማሪ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለደላላው ገንዘብ እንደማልልክ ነግሬዋለሁ፤ ለትምህርት ክፍሉም ዛሬ ጻፍሁ። ስለ ዋጋው የተነገረኝ ነገር በጣም ነክቶኛል፤ የምከፍለው በሌላ ሰው ላይ ሸክም እንዲሆን ስለማልሻ፣ ከነዕቃው የሚለቀቅ የመምህር ቤት ቢገኝ ከማንኛውም አስቀድሜ እመርጣለሁ።

ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። የፕሮጀክቱ ሒሳብ ክፍል ለኪራይ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ግለሰብ አከራይ ግን ደረሰኝ የለውም። ሁለተኛ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። በፍልሰታ ጾም ወቅት ከሚጾም ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ ስኖር የማላውቀውን ነገር በማድረግ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም። ይህን መጠየቄ አግባብ ካልሆነ ይቅርታ።

የሕግ ባለሙያ (ባሕር ዳር)

በደረሰኙ ጉዳይ ሒሳብ ክፍሉን አሁኑኑ፣ ገና ሳይከፍሉ ይጠይቁ። የተመዘገበ ውል፣ በአከራዩ ስም የተላለፈበት የባንክ ማስረጃ፣ እንዲሁም የአከራዩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቸው እርሱ ተያይዞ የሚቀበሉ ተቋማት አሉ፤ የእርስዎ የሚቀበል መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «ለ» ግብር የሚከፈልበት ስለሆነ፣ አንዳንድ አከራዮች ውል መፈረም ወይም በባንክ መቀበል የማይወዱት ከዚህ የተነሣ ነው። በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ቢሉዎት አይስማሙ፤ ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ ሒሳብ ክፍልዎም የሚተካልዎ የተጻፈውን ብቻ ነው።

የግቢ ባለቤት (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ መጠየቅሽ ምንም አግባብነት አይጎድለውም፤ እንዲያውም አስተዳደግሽን ያሳያል። ከእስላም ጎረቤቶቻችን ጋር ከመንቆረር ዘመን ጀምሮ አብረን ኖረናል፤ ሐዘናችንም ደስታችንም አንድ ላይ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በእነዚያ ቀናት በራስሽ ምድጃ በራስሽ ድስት የፈለግሽውን ብትሠሪ የሚከለክልሽ የለም። ማእድ ቤቱ የጋራ ከሆነ ግን ከመግባትሽ በፊት ተናገሪ፤ ዕቃው እንዳይደባለቅ ለአንቺም ለቤቱም ይበጃል፤ አንቺም የእኛን ሥጋ እንደማትበዪ እናውቃለንና በዓል ሲሆን የምናቀርብልሽ ሌላ ነገር እናዘጋጃለን። የሚያስቀይመው ደብቆ መኖር ነው። ከመግባቷ በፊት የተናገረች ተከራይ አስቸግራኝ አታውቅም።

ወጣት መምህርት (ደብረ ማርቆስ)

በቡድናችን ጠይቄ ሁለት ሰዎች መልሰውልኛል። አንደኛው በግንቦት መጨረሻ ለትምህርት የሚሄድ ባልደረባችን ሲሆን ቤቱ አንድ መኝታና ትንሽ ሳሎን፣ የራሱ ቆጣሪና የራሱ ማእድ ቤት አለው፤ ባለቤቲቱ በዚያው ግቢ ይኖራሉ፤ በሐሳቡም ተስማምተዋል። ሁለተኛው በዋጋ ዝቅ ያለ ነጠላ ክፍል ነው፤ መጸዳጃው ግን ውጭ ነው። ቅዳሜ ሄጄ ሁለቱንም አያለሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ኮርኒሱንና የበሩን ቁልፍ አይቼ፣ ባልደረባዬ አሁን የሚከፍለውን ኪራይ ጠይቄ በግል መልእክት እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ የትብብር ደብዳቤውን ቅጂና የፋይዳሽን ቅጂ አዘጋጂ፤ ባለቤቲቱ ሁለቱንም ጠይቀዋል።

መምህር (ደብረ ማርቆስ)

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አነጋግሬአለሁ፤ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይወጣል፤ ለቀበሌው፣ ለአከራይዋና ለስናን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በሦስት ቅጂ እንዲሆን ጠይቄአለሁ። የላይኛውን ተፋሰስ ናሙና ሲሰበስቡ ከማርቆስ በየቀኑ ከመመላለስ በወረዳው ዋና ከተማ በረቡዕ ገበያ ጥቂት ሌሊት ማደር ሊሻልዎት ይችላልና፣ የወረዳው ባለሙያዎች አስቀድመው ቢያውቁዎት በዚያም ማረፊያ ይጠቁሙዎታል። ከአዲስ አበባ የሚነሡበትን ቀን ከመወሰንዎ በፊት ግን ይደውሉልን፤ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ በዓባይ በረሃ የሚያልፍ ስለሆነ፣ የዕለቱን ሁኔታ ከዚህም ከደጀንም ጠይቀን እንነግርዎታለን። በጠዋት ከተነሡ በቀን ብርሃን ይደርሳሉ፤ መናኸሪያ የሚቀበልዎት ሰው ይኖራል።